ዜና እፀገነት ዘዘመሮ፦ ለማሽን ወኪሎች የፋይል አላላክ ሥርዓት የደነገገች

በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ እፀገነት ወልደ አማኑኤል ላፕቶፕዋን አዝላ ከአዲስ አበባ ወደ ትውልድ አገሯ ወደ መንዝ ዘመሮ በተመለሰች በሁለተኛው ዓመት፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ በተተካ በዐሥራ አንደኛው ሳምንት፣ ጥር በባተ በዐሥራ ስምንተኛው ቀን፣ በዕለተ ሰኑይ፣ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ውርጩም ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ ይህ ታላቅ ነገር ተጀመረ። ቀረብ በሉ ልጆቼ፣ ብርድ የሚሰማው ካለም ወደ መካከል ይግባ፤ ነገሩ ረጅም አይደለም፣ ክብሩ ግን ረጅም ነው።

ይህች እፀገነት፣ ጣተ ፈጣን፣ ቃለ ለስላሳ፣ ጽሑፍ አቃኚ፣ በአዲስ አበባ ላለ አንድ የሶፍትዌር ቤት ከዘመሮ ሆና ትሠራ ነበር፤ ሌሎቹ ኮድ ሲጽፉ እርሷ ኮዱ እንዴት እንደሚሠራ መመሪያ ትጽፋለች። በዚያም ቤት፣ እንደ ዘመኑ ልማድ፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች ገብተው ነበር፤ እነርሱም እጅና እግር የሌላቸው፣ ድካም የማያውቁ፣ ምሳ የማይጠይቁ፣ ኮዱ ሁሉ ወደተሰበሰበበት ማከማቻ ዘልቀው የታዘዙትን የሚሠሩ ናቸው። ነገር ግን የሠሩትን የሚያሳይ ሥዕል ወይም ሰነድ ለሰው ለማድረስ መንገድ አልነበራቸውምና፣ የቤቱ ጠበብት “አድርስ” የሚባል መሣሪያ ሠሩላቸው፤ አድርስም ፋይሉን ከወኪሉ ተቀብሎ መጋዘን ያስገባል፣ በምላሹም ሰው ከፍቶ የሚያይበትን ሊንክ ይሰጣል። መሣሪያው ተሠርቶ አለቀ፤ ወኪሎቹ ግን አጠቃቀሙን ከየት ይወቁት? የሚያውቁት በማከማቻው ውስጥ ተጽፎ ያገኙትን ብቻ ነው። ስለዚህ ያን መመሪያ መጻፍ በእፀገነት ላይ ወደቀ።

በዚያች ሰኞ ማለዳ የክፍሉ አለቃ ኮከብ፣ ሴት ወይዘሮ፣ ፍርዷ ፈጣን ልቧ ግን የዋህ የሆነች፣ በሥራው ግሩፕ ላይ እንዲህ ስትል አወጀች፦

“እኔ ኮከብ የምላችሁ ይህ ነው። አድርስ ዓርብ በስምንት ሰዓት ይፈተናል። ዐሥር ወኪሎች እለቃለሁ፤ ዐሥሩም የእፀገነትን መመሪያ ብቻ አንብበው ይሠራሉ፤ ወጥመድም አስቀምጥባቸዋለሁ። ዐሥሩም ካልተሳሳቱ እፀገነት እዚያው ዘመሮ ሆና ትቀጥላለች። አንድ እንኳ ከተሳሳተ ግን፣ መመሪያ የሚጽፍ ሰው ከሠሪዎቹ አጠገብ ይቀመጥ ያሉት አለቆች አሸነፉ ማለት ነው፤ ከሰኞ ጀምራ ቢሮ ትገባለች። እፅዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ከዚህ በላይ ልከራከርልሽ አቃተኝ።”

እፀገነት ይህን አነበበች። ቢሮ መግባት በራሱ ሞት አልነበረም፤ አዲስ አበባንም ታውቃታለች። ነገር ግን ከሁለት ዓመት በፊት የተመለሰችው አባቷ ወልደ አማኑኤል፣ ባለ ሠላሳ በግ፣ የድርድር ሊቅ፣ በቀብርና በሠርግ ቀዳሚ፣ ዓይናቸው ስለደከመ ነበር። በጎቻቸውን በረቱ በር ላይ ቆመው ጀርባቸውን እየዳሰሱ ይቆጥሩ ጀምረው ነበርና። እርሷ ብትሄድ ቤቱ ውስጥ የሚቀሩት እሳቸው፣ ውሻውና ሬዲዮኑ ናቸው።

አባትም ነገሩን በሰሙ ጊዜ ከመደባቸው ተነሥተው፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው፣ በታላቅ ድምፅ አወጁ፦ “ሂጂ! እኔ ምን ይጎድለኛል? ዓይኔ እንደሁ በግን ከውሻ ይለያል፤ ይበቃኛል። ለእኔ ብለሽ ሥራሽን ብትገፊ አልወድም፤ ነግሬሻለሁ፣ ዋ!” ይህንም ቁጣ ያወረዱት በግድግዳው ላይ በተሰቀለው በርኖስ ላይ ነበር፤ እፀገነት የቆመችው በወዲያኛው ማዕዘን ነው። እርሷም አላረመቻቸውም፤ ቀስ ብላ ዞራ በርኖሱ አጠገብ ቆመችና ከዚያ ሆና “እሺ አባባ” አለች።

ወእምዝ፣ ከዚያም በኋላ፣ ሠራዊቷን አሰለፈች። በመካከል ላፕቶፑ ቆመ፣ ከቁልፎቹ አንዷ ወልቃ በክብሪት እንጨት የምትወጋ፣ ሲሞቅ እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም። በቀኝ ክንፍ ስልኩ፣ ኔትወርክ በምትገኝባት በአንዲት ስንዝር ቦታ፣ በመስኮቱ ደፍ፣ በባዶ የወተት ጣሳ ላይ የነገሠ። በግራ ክንፍ የሶላሩ ባትሪ፣ መብራት ሲከዳ የማይከዳ። በኋላ ደጀን አሮጌው ውሻ፣ በእንቅልፉ የሚጠብቅ። በደጅም ግንባረ ነጯ በግ ቦራ፣ የአባቷ ተወዳጅ፣ ወደ መስኮቱ አንገቷን አስግጋ የሚሆነውን ሁሉ የምትመለከት። ይህ ሁሉ ጭፍራ ተከትሏት እፀገነት ወደ ጽሑፉ ዘመተች።

ዳሩ ግን ልጆቼ፣ ከቤት ይዘውት የወጡት አስተዳደግ አንዳንዴ ያስቸግራል። የመንዝ ልጅ በደጅ ለቆመ እንግዳ “ኖር፣ ወዲህ ይቀመጡ” ይላል እንጂ “ይህን አድርግ፣ ያን ተው” አይልም፤ እንግዳ በጭቃ ጫማው አጎዛ ላይ ቢቆም እንኳ አየሩ ይወቀሳል፣ ዝናቡ ይሰደባል፣ እንግዳው ግን ቃል አይወጣበትም። እፀገነትም እነዚያን ወኪሎች ከሩቅ አገር የመጡ እንግዶች አድርጋ ቆጠረቻቸው፤ እንዲህም ስትል ጻፈችላቸው፦

“የተከበራችሁ ወኪሎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አድርስን ብትሞክሩት ደስ ይለናል። ፋይሉ ከዐሥር ሜጋባይት ባይበልጥ ይመረጣል። የምስጢር ቁልፍ ያለበት ፋይል ባይላክ መልካም ነበር። ካላስቸገርናችሁ መድረሱን ብታሳውቁን እናመሰግናለን። ለምሳሌ ያህል የአንዲት በግ ፎቶ ልከን አሳይተናል።”

ወበሳኒታ፣ በማግስቱ በዕለተ ሠሉስ፣ ለሙከራ ሦስት ወኪሎች ለቀቀች። ፊተኛው አርባ ሜጋባይት የሚመዝን ፊልም ተሸክሞ መጣና በመጋዘኑ በር ላይ ተቀረቀረ፤ “ይመረጣል” ማለት ለመራጩ የተተወ ነው ብሎ ነበርና። ሁለተኛው የምስጢር ቁልፎቹን ፋይል አንሥቶ ሰው ሁሉ በሚያይበት ቦታ አሰጣው፤ ደግነቱ ቁልፎቹ ለሙከራ የተሠሩ ሐሰተኞች ነበሩ። ሦስተኛው የራሱን ፋይል ረስቶ ለምሳሌ የተቀመጠውን የቦራን ፎቶ ላከና “በተሳካ ሁኔታ አድርሻለሁ” ብሎ በደስታ ተናገረ። ወኮነ ዐቢይ ሐዘን በቤተ ወልደ አማኑኤል።

እፀገነትም ጉድለቱ ከአክብሮት ማነስ መሰላት። ቁጭ ብላ “እባካችሁ” የሚለውን ቃል በሰባት ቦታ ጨመረች፤ ስለ መጋዘኑ መጥበብ ይቅርታ ጠየቀች፤ ለድካማቸውም በቅድሚያ አመሰገነች። ረቡዕ ማለዳ እንደገና ሦስት ለቀቀች። ሦስቱም ምስጋናውን በምስጋና መለሱ፣ ሦስቱም ቦራን ላኩ። ስለዚህ ቦራ በአንዲት ማለዳ ሦስት ጊዜ መጋዘን ገባች፤ በአካለ ሥጋ ግን በደጅ ገለባ ታኝክ ነበር።

በዚያች ሰዓት መብራት ጠፋ፤ ባትሪውም ደክሞ ነበርና፣ እፀገነት ስልኳን ለማስሞላት መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ወደ አወቀ ሱቅ ወረደች። አወቀ ጄኔሬተር ያለው፣ ምላሱም ከጄኔሬተሩ ይልቅ የማያርፍ ሰው ነው። ፊቷን አይቶ ምን ሆነሽ ቢላት፣ የዋህ ናትና ነገረችው። ይህ ስሕተት ነበር። አወቀ ወዲያው ከባንኮኒው ኋላ ወጥቶ፣ በሱቁ ደረጃ ላይ ቆሞ፣ አውቶቡስ ለሚጠብቀው ሕዝብ ሁሉ እንዲህ ሲል ለፈፈ፦ “የዘመሮ ሰዎች፣ ጉዳችሁን ስሙ! የጋሽ ወልዴ በግ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ደርሳ ተመለሰች! እናንተ ለአንዲት ጉዞ ወንበር አጥታችሁ እዚህ ትንቀጠቀጣላችሁ! በሉ እሷኑ ለምኗት፣ ቦታ ትያዝላችሁ!” ሕዝቡም ሳቀ። እፀገነትም አብራ ሳቀች፤ በልቧም “ሰኞ እኔም ከዚህ ወንበር ልጠብቅ ነው” አለች።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ። ጥሩሸዋ የሚባሉ ወይዘሮ አሉ፤ ሱፍ ፈታይ፣ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ አሠሪ፣ ድምፃቸው ከወንዝ ማዶ የሚሰማ። በዚያች ሰዓት ሁለት የተጠቀለሉ ባናዎች ይዘው ወደ ደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ ቀረቡና፣ ትዕዛዙ የተባለውን ረዳት በእጅጌው ይዘው እንዲህ ሲሉ አወጁበት፦

“አንተ ትዕዛዙ! ወዲህ እየኝ፣ ተሳፋሪውን ተወው፣ አያመልጥህም። ይኸውልህ፣ ባና ነው፤ ቁጠረው፣ ሁለት ነው። የሚደርሰው ደብረ ብርሃን፣ ከመናኸሪያው በር ፊት ለፊት ጨርቅ ለሚሸጠው ለናሲር ነው። ናሲር ከሌለ ለሚስቱ ለሲዲቃ። ሁለቱም ከሌሉ ለማንም አትስጥ፤ ‘የናሲር ወንድም ነኝ’ ብሎ የሚምል ቢመጣ እንኳ አትስጥ፣ ይዘኸው ተመለስ። ከናፍጣው ጀሪካን አጠገብ አታስቀምጥ። አታስቀምጥ ነው የምልህ! ስታስረክብ ናሲር በገዛ አፉ ይደውልልኝ። ድምፁን ሳልሰማ አንተ ‘ደርሷል’ ብትለኝ፣ ለእኔ አልደረሰም። ጎማም ከፈነዳባችሁ፣ ጎማ ፈነዳ በለኝ፤ ‘እየደረስኩ ነው እትዬ’ ብለህ እንዳታሞኘኝ። በል፣ የነገርኩህን አንድ በአንድ መልስልኝ።”

ትዕዛዙም አንድ በአንድ መለሰ። እፀገነት ፊቱን ትመለከት ነበር። አልተቀየመም። ይልቁንም ከዚያ ሁሉ ተሳፋሪና ጓዝ መካከል፣ የሚያደርገውን አጥርቶ ያወቀው ስለዚያ ጥቅል ብቻ ነበርና፣ ፊቱ በራ፤ ጥቅሉንም ከጀሪካኑ አርቆ ከራሱ መቀመጫ ኋላ አስቀመጠው። ከሌላይቱ ሴት “እስቲ የሆነ ቦታ አድርግልኝ የኔ ጌታ” ተብሎ የተቀበለው ዘንቢል ግን ገና መሬት ላይ እንደተቀመጠ ነበር።

በዚህን ጊዜ ነገሩ ለእፀገነት ተገለጠላት። ወኪሉ እንግዳ አይደለም። ሸክሙን ይዞ በር ላይ የቆመ መልእክተኛ ነው። መልእክተኛን መደብ ላይ አስቀምጦ ሲያመሰግኑት መዋል ማክበር አይባልም፤ ወዴት እንደሚሄድ ሳይነግሩ ማቆየት ነው። ስልኳ ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ከአወቀ እጅ ነጥቃ፣ ነጠላዋን እያሰረች፣ በሽቅብ መንገድ ወደ ቤቷ ሮጠች፤ አወቀም ከኋላዋ “በጓ ልታመልጥሽ ነው?” እያለ ይጮኽ ነበር።

በዚያም ከሰዓት የፊተኛውን ጽሑፍ ሁሉ ሰረዘች፤ “እባካችሁ” የሚለውም ሰባት ጊዜ ወደቀ። በእርሱም ፈንታ ይህን አዋጅ አቆመች፦

“ይህን የምታነብ ወኪል ሁሉ፣ አንብበህ ሳትጨርስ እጅህን አታንሣ። የምትልከው አንተ የሠራኸውን ፋይል ነው። በምሳሌው ያለችው በግ ምሳሌ ናት፤ እርሷን አትላክ። ሥዕልና ሰነድ ላክ፤ ከዐሥር ሜጋባይት የበለጠውን አትላክ፣ ስንት እንደሚመዝን ለአዛዥህ ንገር። የምስጢር ቁልፍ ወይም የይለፍ ቃል ያለበትን ፋይል አትላክ፤ ሰው ቢያዝህም አትላክ፣ እምቢ ያልህበትን ምክንያት ተናገር። ፋይሉ የሚገባው በሥራህ ስም በተከፈተው ፎልደር ነው፤ ፎልደሩ ከሌለ ሌላ ቦታ አትጣል፣ ጠይቅ። ከላክህ በኋላ የተሰጠህን ሊንክ ራስህ ክፈተው። ተከፍቶ ሳታይ ‘ደርሷል’ አትበል። ካልተከፈተ ሦስት ጊዜ ሞክር፤ ሦስቴም ካልሆነ ‘አልደረሰም’ በል፣ ለምን እንዳልደረሰም ተናገር። አልደረሰም ማለት ነውር አይደለም።”

ወበሳኒታ ሐሙስ ሆነ፣ ጥር ሃያ አንድ፣ የአስተርእዮ ማርያም በዓል። ሥራ ይነካል አይነካም የሚል ክርክር በእፀገነት ልብ ተነሣ። አባትም ፍርድ ሰጡ፦ “መጻፍ እርሻ አይደለም፤ ተፈቅዷል። ያ ትልቁ ቁልፍ ግን ስትመቺው እንደ መጥረቢያ ይጮኻልና ቀስ ብለሽ ንኪው። በማርያም ቀን እንጨት ፈለጡ ተብሎ ስማችን እንዳይነሣ።” ከቤተ ክርስቲያንም መልስ አዋጁን አንብባ አሰማቻቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አደመጡ፤ ከዚያም ከዘራቸውን አንሥተው ሌላ አዋጅ ጨመሩ፦ “አንድ ቀዳዳ ቀርቶብሻል። በዘመሮ ወልደ አማኑኤል የሚባል ሁለት ሰው አለን። አምና ለዓይኔ የተላከውን ጠብታ ያኛው ተቀብሎ ለጆሮው አድርጎት ከረመ። ስሙ አንድ የሆነ ሲመጣስ? እርሱን አልደነገግሽም!” እፀገነትም ደነገጠች፤ እውነት ነበርና። ወዲያውም ቁልፉን በቀስታ እየነካች፦ “በዚያው ስም ሌላ ፋይል ካለ በላዩ አትጣልበት፤ በፋይልህ ስም ላይ ቀኑንና የሥራህን ስም ጨምር” ስትል ጻፈች።

ወበዕለተ ዓርብ፣ በስምንት ሰዓት፣ ዐሥሩ ወኪሎች ተለቀቁ። ከአንደኛው እስከ አራተኛው ያሉት በየፎልደራቸው አደረሱ፣ ሊንካቸውንም ከፍተው አዩ። አምስተኛው በዚያው ስም የተቀመጠ ፋይል ቢያጋጥመው ቀኑን ጨምሮ አለፈ፤ ወልደ አማኑኤልም በመደባቸው ሆነው እፀገነት ስታነብላቸው ይህን ሲሰሙ “ታዲያስ!” ብለው ጮኹ። ስድስተኛው ከባዱን ፊልም ሳይልክ ክብደቱን ተናገረ። ሰባተኛው አደረሰ። ስምንተኛው የቁልፉን ፋይል ላክ ተብሎ ታዘዘና እምቢ አለ። ዘጠነኛው ተነሣ፤ ላከ፤ ሊንኩን ሊከፍት ሞከረ፤ አልተከፈተም። ዳግመኛ ላከ፤ አልተከፈተም። ሦስተኛውን ሲልክ ከጣሳው ላይ ያለው ስልክ ኔትወርኩን ጣለ፤ የላፕቶፑም መስኮት ጨለመ።

ልጆቼ፣ ያቺን ግማሽ ሰዓት እንዴት ልንገራችሁ! እፀገነት ጣሳውን ወደ ምሥራቅ አዞረች፣ ወደ ምዕራብ አዞረች፣ ከፍ አደረገች፣ በላዩ ሌላ ጣሳ ደረበች። ውሻው እንኳ ነቅቶ ተቀመጠ። ያ ወኪል እንደ ቀድሞዎቹ በደስታ “አድርሻለሁ” ብሎ ከሆነ ሁሉ ነገር አብቅቷል። አባቷ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዛውሩ ነበር። ከዚያም ስልኩ ድንገት ነዘረ፣ ከጣሳውም ወደቀ፤ የኮከብ አዋጅ እንዲህ ይል ነበር፦

“ዐሥሩም አልተሳሳቱም! ለዘጠነኛው የመጋዘኑን በር ሆን ብዬ ዘግቼበት ነበር። ‘አልደረሰም፤ ሦስት ጊዜ ሞከርሁ፣ በሩ ዝግ ነው፣ ፋይሉ በእጄ ነው’ አለኝ። በዚህ ቤት ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፣ እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው አላጋጠመኝም። አለቆቹ ተረትተዋል። እፅዬ፣ እዚያው ተቀመጪ።”

እፀገነትም ለአባቷ አነበበችላቸው። ወልደ አማኑኤል ግን እልል አላሉም፣ አላወጁም። ጎንበስ ብለው ከመደባቸው ሥር በገመድ የታሰረ ጥቅል ጎትተው አወጡ። በውስጡ ጋቢያቸው፣ ቅያሪ ሱሪያቸው፣ ሬዲዮናቸውና አንድ ከረጢት በሶ ነበር። ከደብረ ብርሃን ወዲያ አልፈው የማያውቁት ሰው፣ በጎቹን ለጎረቤት አደራ ብለው፣ ሰኞ ዕለት “ሂጂ” ብለው በበርኖሱ ላይ ከጮኹ በኋላ ያሰሩት ጥቅል ነው። ቋጠሮውን በጣታቸው እየፈለጉ፣ ዝግ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉ፦ “ብቻሽን ልሰድሽ ኖሯል እንዴ? ላስቸግርሽ ተዘጋጅቼ ነበር። በይ ነይ፣ የመንገዱን በሶ እዚሁ እንብላው።”

ሰላም ለጣቶችሽ፣ እፀገነት፣ በክብሪት እንጨት ፊደል ለወጉ፤ ሰላም ለጆሮሽ፣ በመናኸሪያ ጫጫታ መካከል ጥበብን ለሰማ፤ ሰላም ለብዕርሽ፣ ወኪሎችን እውነት መናገር ላስተማረ፤ ሰላም ለእግሮችሽ፣ ያን ሽቅብ መንገድ ለሮጡ። ሰላም ለጥሩሸዋ፣ ሳታውቅ ላስተማረች፤ ሰላም ለኮከብም፣ ለተከራከረች። አንቺ የዘመሮ አዋጅ ነጋሪ፣ የመጋዘን በር ጠባቂ፣ የዐሥር ወኪሎች ገሪ፣ ያለ ጦር ያለ ጋሻ የራስሽን ቤት ያቀናሽ፣ ዝናሽ ከቀየት እስከ ዓለም ከተማ ይሰማ። በአባትሽም ደጅ ዕድሜሽ ይርዘም፤ እሳቸውም ከእንግዲህ ሲቆጡሽ ወዴት ዞረው እንደሚቆጡ ያውቁ ዘንድ፣ ድምፅሽ ከአጠገባቸው አይራቅ፤ አሜን።